ዛንዚባር ወይስ ሞምባሳ? ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ማስታወቂያው በቴሌግራም ይመጣል፣ በቲክቶክ ይመጣል፣ በሥራ ባልደረባ ስልክም ይመጣል። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ዓይን የሚያፈዝ ባሕር፤ ከሥሩ «ዛንዚባር 5 ቀን 4 ሌሊት» የሚል ጽሑፍና አንድ የዶላር ቁጥር። አዲስ አበባ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ዛሬ ሩቅ አይደለም። ከቦሌ ዛንዚባርም ሆነ ሞምባሳ በአየር ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እቁብ የደረሰው፣ ሰርግ ያሰበ፣ ከውጭ ዘመድ የመጣለት ሰው ቁጥሩን አይቶ «ይቻላል» ቢል አይፈረድበትም።

ይቻላልም። ግን ያ ቁጥር የማስታወቂያው ዋጋ እንጂ የጉዞው ዋጋ አይደለም። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል፤ የሚመልሰው ግን የጠየቁትን ብቻ ነው። እንግዲያው ከታች ያሉትን ይጠይቁት፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በስልክ የተነገረ ቃል ጠረፍ ላይ ምስክር አይሆንዎትም።

ከሻጩ በፊት ራስዎን ይጠይቁ

• የፈለጉት ባሕሩን ነው ወይስ ዕረፍቱን? ውኃ፣ አሸዋና ጸጥታ ከሆነ ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑም ይታወቃል። ቪዛ የለ፣ ዶላር የለ። አርባ ምንጭና ሐዋሳም አሉ። የፈለጉት ግን ጨው ጨው የሚል ሰማያዊ ባሕር ከሆነ ላንጋኖ ቡናማ ውኃውን ይዞ ቢጠብቅዎት ትርፉ ኩርፊያ ነው። ይህን ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብለው ይጨርሱ።

• ከእርስዎ ጋር የሚሄደው ማን ነው? ከ2,300 ሜትር በላይ ካለ ደጋ ተነሥቶ ባሕር ጠለል ላይ መውረድ፣ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ሲደመር፣ ለአረጋዊ እናትና ለሕፃን ቀላል አይደለም። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ሐኪሙን ሳያማክሩ ቀን አይቁረጡ።

• ዋና ይችላሉ? የሆቴሉ ገንዳና ባሕሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚዋኝ ከሌለ በጀልባ ጉዞ የተሞላ ፓኬጅ ለምን ይገዛሉ?

ወሩን ከፎቶው አስቀድመው ይመልከቱ

አብዛኛው ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ማንም ስለማይዋሽ ደግሞ ማንንም መክሰስ አይቻልም።

• ለፋሲካ ነው ያሰቡት? በዛንዚባርና በኬንያ ጠረፍ ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። የእኛ ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም። በየትኛውም ዓመት ቢሆን ከዝናቡ ጋር መገናኘትዎ አይቀርም። በዚያ ወቅት አንዳንድ ሆቴሎች በራቸውን ይዘጋሉ፤ ክፍት የሆኑት ዋጋ ያወርዳሉ። «ልዩ የፋሲካ ቅናሽ» ሲሉዎ ቅናሹን ያመጣው ዝናቡ መሆኑን ይወቁ። በርካሽ ሄዶ ዝናብ ማየት ነውር የለውም፤ እንዲያ ከሆነ ግን ቅናሹ ትንሽ መሆን የለበትም። በዚያው ሳምንት የትኞቹ ምግብ ቤቶችና የጀልባ ጉዞዎች እንደሚሠሩም ይጠይቁ።

• በክረምታችንስ? ዓለም ባንክ ጭቃ ሲሆን የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ልጆችም ትምህርት ቤት የላቸውም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ሐምሌና ነሐሴ አውሮፓውያን የሚዝናኑበት ስለሆነ ዋጋው ጫፍ ይነካል። በዚሁ ወቅት ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ በደሴቱ ምሥራቅ በኩል ባሕሩን ያናውጠዋል፤ በነፋስ ላይ ለሚንሸራተቱ ስፖርተኞች ሲሳይ ነው፣ ሕፃን ይዞ ለሄደ ወላጅ ግን አይደለም።

• መስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢሆንስ? እኔን ከጠየቁኝ ይህን እመርጣለሁ። ሰማዩ ጥሩ ነው፣ የአውሮፓ ዕረፍት አልቋል። ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር አካባቢ፣ አጭሩ ዝናብ ይመጣል።

• ገናና ጥምቀት? ሞቃትና ደረቅ ነው፤ የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ግን ዋጋውን አስቀድሞ ሰቅሎታል። ለጥር መጨረሻ የጠየቁት ዋጋ ከታኅሣሥ መጨረሻው ካልቀነሰ ሌላ ሻጭ ያናግሩ።

• ረመዳን ይገጥማል? ዛንዚባር ሕዝቧ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው። በጾሙ ወር በአሮጌው ከተማ፣ ስቶን ታውን ውስጥ፣ ቀን ክፍት ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ በአደባባይ መብላትም ያስነውራል። እርስዎም የሚጾሙ ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፣ ማታ ከተማው ሁሉ ማዕድ ነው።

• ምርጫ አለ? በጥቅምት 2018 ዓ.ም. በታንዛኒያ ምርጫ ሰሞን ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ዳሬሰላም ላይም የሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። ኬንያ ቀጣዩን ምርጫዋን የምታካሂደው በነሐሴ 2027 እ.ኤ.አ. ነው። ሻጩ ይህን ቀን መቁጠሪያው ላይ አይጽፍልዎትም።

የትኛው ዳርቻ?

• ፎቶው የተነሣው ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው ወይስ ሸሽቶ? ሐይቅ ብቻ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው። ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በዛንዚባር በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት ሜትር ገደማ ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ መሬቱ ዝርግ ስለሆነ ውኃው ሲሸሽ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይሄዳል። ለሰዓታት የሚያዩት እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ሣሩን የሚለቅሙ ሴቶች ነው። ውብ ነው፤ ግን አይዋኙበትም። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ውኃው ብዙ ስለማይርቅ ቀኑን ሙሉ መግባት ይቻላል፤ በዚያው ልክ ዋጋቸው ይወደዳል፣ ሰውም ይበዛል። ርካሹ ፓኬጅ የትኛው ጋ እንደሚያሳድርዎ ስሙን ያስጽፉ።

• «ባሕር ዳር» ማለት ምን ማለት ነው? አሸዋው ላይ ያለ? ባሕሩ የሚታይበት? ወይስ «አምስት ደቂቃ በእግር»? የሆቴሉን ስም ይዘው ካርታ ላይ ይፈልጉት። ስሙን ከመክፈልዎ በፊት የማይነግርዎ ሻጭ ካለ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያበቃ።

• «ሞምባሳ» ሲባሉ ሞምባሳ የት? ከተማዋ ራሷ ደሴት ላይ ናት። ኒያሊና ባምቡሪ በሰሜን፣ ብዙ ጊዜ ፎቶው የሚነሣበት ዲያኒ ደግሞ በደቡብ ነው። ከሞምባሳ ኤርፖርት ዲያኒ ድረስ መኪና ያስፈልጋል። በሊኮኒ ጀልባ መሻገር ነው ወይስ በአዲሱ የዶንጎ ኩንዱ መንገድ? ማን ይከፍላል? ይህ አንድ መስመር በፓኬጁ ላይ ከሌለ ክፍያው የእርስዎ ነው።

• በርካሽ ሞምባሳ መድረስ ይፈልጋሉ? እስከ ናይሮቢ በርረው ከዚያ በባቡር መውረድ ይቻላል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የናይሮቢ–ሞምባሳ ባቡር አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ በጻቮ ፓርክ መሀል ስለሚያልፍም ዕድል ከቀናዎ ዝሆን በመስኮት ያያሉ። የሞምባሳው ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ሚሪቲኒ ላይ መሆኑን አስበው የታክሲውን ሒሳብ ያስገቡ።

• ሲሸልስስ? ከሞላ ጎደል ከሁሉም አገር ለሚመጣ ቪዛ አትጠይቅም፤ አስቀድሞ የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ፣ የመመለሻ ትኬትና የተያዘ ሆቴል ግን ትጠይቃለች። ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሌሊቱ በሰው የሚታሰብ የአካባቢ ቀረጥም አለ። ሆቴሉም ምግቡም ከዛንዚባር እጅግ ይወደዳል። «ቪዛ የለውም» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ ቀሪውን ግን አይነግርዎትም።

ፓኬጁን ይፍቱት

• አምስት ቀኑ ስንት ቀን ነው? የመግቢያ በረራው ማታ፣ የመመለሻው ማለዳ ከሆነ «5 ቀን 4 ሌሊት» ሦስት ቀን ይሆናል። የበረራ ሰዓቶቹን ይጠይቁ። ዋጋውንም በቀን ሳይሆን ባሕሩን በሚያዩበት ሙሉ ቀን ያካፍሉ።

• ዋጋው «ለአንድ ሰው» ሲባል ለብቻው ለሚሄድ ሰው ነው? አይደለም። ሁለት ሆናችሁ አንድ ክፍል ስትጋሩ ለእያንዳንዱ የሚመጣው ነው። ብቻዎን ከሆኑ ጭማሪ አለ። ልጅ ካለዎት እስከ ስንት ዓመት ነፃ እንደሆነ፣ አልጋ ይጨመርለት እንደሆነ ይወቁ።

• ምግቡ ቁርስ ብቻ ነው? ራትም? ምሳም? መጠጥስ? በረሃብ ሰዓት ከሆቴሉ ውጭ ሌላ ነገር ከሌለ አንድ ጠርሙስ ውኃም በሆቴሉ ዋጋ ነው። ለጾመኛ ደግሞ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ረቡዕና ዓርብ ምን ይበላሉ? በጠረፉ ባቄላ በኮኮናት ወተት፣ ሩዝና ጎመን እንደልብ ነው፣ ግን የሆቴሉ ማዕድ የሚዘጋጀው ለአውሮፓዊ ነውና አስቀድመው ያሳውቁ። ሐላል ለሚፈልግ ዛንዚባር ላይ ጥያቄ የለም።

• የግዴታ ኢንሹራንሱ ተካቷል? ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የመንግሥት ኢንሹራንስ መግዛት አለበት፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖርዎትም ይህን አይተካውም። ለባልና ሚስት 88 ዶላር ማስታወቂያው ላይ ስንት ጊዜ ተጽፎ አይተዋል?

• የአዳር ቀረጡስ? ዛንዚባር ላይ በሰው በሌሊት የሚከፈል የመሠረተ ልማት ክፍያ አለ፤ ብዙ ሆቴሎች ሲወጡ ለብቻው ይቀበሉታል። «ሁሉም ተከፍሏል» ብለው ለወጡበት ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ ነው።

• ሻንጣ፣ መቀበያ፣ መሸኛ? ኤርፖርት መጥቶ የሚቀበልዎ ሰው የሚመልስዎትም እንደሆነ ያረጋግጡ። ከዓለም ባንክ ቦሌስ? ከተማውን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ማቋረጥ ነው። በረራው ማለዳ ከሆነ ሌሊት የሚወጣ ታክሲ፣ ረፋድ ከሆነ ደግሞ የአየር ጤናና የቀለበት መንገድ መጨናነቅ ይጠብቅዎታል። ኤርፖርት ከበረራው ሦስት ሰዓት አስቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል።

ሻጩ ማን ነው?

• ንግድ ፈቃዱ ምን ይላል? የጉዞ ወኪልና የአስጎብኚ ድርጅት ሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ተቀብለው በንግድ ሚኒስቴር ገጽ ላይ ያመሳክሩ። ጥሩ ሻጭ ይህን ሲጠየቅ አይከፋም።

• ገንዘቡ የሚገባው የማን ስም ባለበት ሒሳብ ነው? በባንክም በቴሌብርም ቢሆን የድርጅቱ ስም ካልወጣ ይቁም። «ለፍጥነት በእኔ ሒሳብ ያስገቡልኝ» ከተባሉ ፍጥነቱ ለማን እንደሚጠቅም ያስቡ።

• የትኬቱ ቁጥር የታለ? የቦታ ማስያዣ ፊደሎቹን ይዘው አየር መንገዱ ጋ ራስዎ ይጠይቁ። ቦታ መያዝና ትኬት መቆረጥ ሁለት ናቸው፤ የተያዘ ቦታ ካልተከፈለበት በራሱ ይሰረዛል። ለሆቴሉም በቀጥታ ኢሜይል ጽፈው ስምዎ መዝገብ ላይ መኖሩን ይጠይቁ።

• ዋጋው በዶላር ተጽፎ በብር ሲከፈል በየትኛው ምንዛሪ? በባንክ? በየትኛው ባንክ፣ የየትኛው ቀን? ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ቁጥሩ አንድ ቦታ አልቆመም። በቀብዱና በቀሪው ክፍያ መካከል ምንዛሪው ቢጨምር ልዩነቱ የማን ነው? ከዚያ ቀን በፊት የሄደ ጓደኛ «እኔ በይህን ያህል ብር ሄጄ ነበር» ቢልዎ በትህትና ሰምተው ይለፉት።

• ቪዛ ብከለከልስ? ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። ቀብዱ ይመለሳል? ትኬቱስ? ሆቴሉስ? ስንት ተቀንሶ፣ በስንት ቀን? ርካሽ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ነው። መልሱ በውሉ ላይ ካልሰፈረ «አይመለስም» ብለው ያንብቡት።

በነገራችን ላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ በኢትዮጵያን ሆሊዴይስ በኩል ፓኬጅ ይሸጣል። ከዚያ ባይገዙም ለማነጻጸሪያ አንድ ዋጋ ይውሰዱ።

ወረቀትዎ

• ፓስፖርትዎ ከስድስት ወር በላይ ይቀረዋል? ካልቀረው አሁኑኑ ያሳድሱ። በአስቸኳይ ማውጣት ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ያም የጉዞው ወጪ ነው።

• የታንዛኒያ ቪዛ አለዎት? ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስለሆነች ቪዛው አንድ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለዓመታት ተጨማሪ ማጣሪያ ከሚጠየቅባቸው መካከል ነበር፤ ማጣሪያ ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። «እዚያ ሲደርሱ ይሰጥዎታል» የሚልን አይመኑ። አዲስ አበባ ያለውን የታንዛኒያ ኤምባሲ ራስዎ ጠይቀው፣ ቪዛው እጅዎ ሳይገባ የማይመለስ ትኬት አይግዙ።

• ኬንያስ? ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ መግባታቸው የቆየ ነው። ነገር ግን ኬንያ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አምጥታ፣ ከዚያ ወዲህ ነፃ የሚሆኑትን ዝርዝር ቀያይራለች። ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የሚነግርዎ ላይሠራ ይችላል። ከመንግሥቱ ገጽ ያረጋግጡ፤ ተመሳስለው የተሠሩ ገጾች ለነፃ ነገር ገንዘብ እንደሚቀበሉም አይርሱ።

• ወጣት ነዎት? ብቻዎን ነው የሚሄዱት? በኬንያና በታንዛኒያ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገሩ ወጣቶቻችን ብዙ ስለሆኑ መኮንኖች የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሲያዩ ጠበቅ አድርገው ይጠይቃሉ፤ ቦሌም ላይ እንዲሁ። የመመለሻ ትኬት፣ የተከፈለበት ሆቴል፣ የመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ በወረቀት ይያዙ፤ ስልክ ይዘጋል። «ከሽርሽሩ በኋላ ሥራ እናገናኝዎታለን» የሚል ፓኬጅ ከቀረበልዎ ደግሞ ያ ሽርሽር አይደለም፤ ቁጥራቸውን ይሰርዙ።

• ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሮ ይሄዳል? የሌላ አገር ፓስፖርት ይዞ በአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ኢትዮጵያ የገባ ሰው ዛንዚባር ደርሶ ሲመለስ ቪዛው አልቋል። አዲስ ማውጣት አለበት። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። ይህን ቦሌ ላይ ሲመለሱ ማወቅ ያስቀይማል።

• ቢጫ ካርዱስ? ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለተመዘገበች የክትባቱን ማስረጃ ይጠየቃሉ። የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሳይከተቡ ካርዱን ላምጣልዎ የሚል ደላላ አይጠፋም። ገንዘብዎንም ጤናዎንም ይወስዳል።

በኪስዎ የሚይዙት፣ በሻንጣዎ የማይይዙት

• ዶላሩን ከየት አገኙት? ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዘው ባንክዎን ይጠይቁ፤ መጠኑና ኮሚሽኑ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ሁለት ሦስቱን ያወዳድሩ። ኖቶቹን ይመልከቱ። ያረጁ፣ የተቀደዱ፣ ወይም ከ2009 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙ ዶላሮችን በምሥራቅ አፍሪካ ብዙዎች አይቀበሉም። ብር እዚያ የሚመነዝርልዎ የለም።

• እዚያስ በምን ይከፍላሉ? ታንዛኒያ ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ውስጥ ዋጋን በውጭ ገንዘብ መጥራትና መቀበልን ደንብ አውጥታ ከልክላለች። ሽልንግ ይመንዝሩ፤ «ለእርስዎ በዶላር እንዲህ ነው» የሚል ነጋዴ ምንዛሪውን ራሱ ነው የሚፈጥረው። በካርድ ሲከፍሉ ብዙ ሆቴሎች በመቶኛ ይጨምራሉ፤ ከማስገባትዎ በፊት ስንት እንደሆነ ይጠይቁ።

• ጫት በሻንጣ? በታንዛኒያ ሕግ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ኬንያ የሚፈቀድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። አንድ እስርም አይያዙ፤ ለሌላ ሰውም አያድርሱ።

• ፌስታል? ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለውታል። በርበሬውንም ቆሎውንም በሌላ ነገር ይጠቅልሉ። ሲመለሱም ኮራልና የባሕር ኤሊ ቅርፊት ቢሸጡልዎ አይግዙ፤ ኤርፖርት ላይ ይወረሳል፣ ቅጣትም አለው።

ባሕሩ ላይና ጫካው ውስጥ

• የመናፈሻ መግቢያው በየትኛው ዋጋ ተሰላ? «ምሥራቅ አፍሪካዊ ነኝ እኮ» ይሉ ይሆናል። ኢትዮጵያ ግን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም፤ ለዜጎቹ የተቀመጠው ርካሽ ዋጋ እኛን አይመለከትም። ሶማሊያና ኮንጎ ገብተዋል፣ እኛ ውጭ ነን፤ በሩ ላይ ይህን መከራከር ዋጋ የለውም። ሻጩ በየትኛው ምድብ እንዳሰላልዎ አስቀድመው ይወቁ።

• «ሳፋሪ ተካቷል» ሲባል የት? ሴሬንጌቲ ከዛንዚባር በአውሮፕላን ነው፣ ያ ለብቻው ትልቅ ገንዘብ ነው። ከዲያኒ ቅርብ የሆነው ሺምባ ሂልስ ደን ሲሆን ሳብል የሚባለው ባለ ረጅም ቀንድ አጋዘን በኬንያ ቀርቶ የሚራባው እዚያ ነው። አንበሳ ከጠበቁ ግን ያዝናሉ። በዛንዚባር ጆዛኒ ደን የጉሬዛ ዘመድ የሆነውን የዛንዚባር ቀይ ኮሎበስ ጦጣ ያያሉ፤ ከዛንዚባር ውጭ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም፣ ግማሽ ቀንም ይበቃል። ተፈጥሮ ለሚወድ ሰው ከሁሉ ቀድሞ የምመክረው ይህን ነው።

• የዶልፊን ጉዞው እንዴት ነው? ኪዚምካዚ ላይ ብዙ ጀልባ ሁለት ሦስት ዶልፊን ያሳድዳል። «ከዶልፊን ጋር ይዋኛሉ» የሚል ቃል ዋና ለማያውቅ ሰው አደጋ፣ ለእንስሳውም ጭንቀት ነው።

• ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ? በልጅ ልክስ? ተሳፍረው ሳይሆን ከመሳፈርዎ በፊት ይቁጠሩ። በጳጉሜን 2003 ዓ.ም. ከልክ በላይ የጫነው ስፓይስ አይላንደር የተባለ መርከብ በዛንዚባር ዋና ደሴት በኡንጉጃና በፔምባ ደሴት መካከል፣ በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ስካጊት የተባለው ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ሲሄድ ሰጥመው ብዙ ሰው አልቋል። መርከቡ ሞልቶ ካዩት የትኬቱ ዋጋ አያሳዝንዎት፤ ይቅሩ።

• ጀልባው በስንት ሰዓት ነው? በስዋሂሊ እንደ እኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ብለው ይቆጥራሉ፤ የሰዓት ቀጠናውም አንድ ነው። ለእኛ ምቹ ይመስላል። የቲኬቱ ወረቀት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። «ሦስት ሰዓት» ሲባሉ ጀልባ ነጂው የሚለው ነው ወይስ ወረቀቱ የሚለው?

• ዳርቻው ላይ «ወንድሜ፣ እኅቴ» እያለ የሚከተልዎ ወጣት ሁሉ የሚሸጠው ነገር አለው። ዋጋ ሳይቆርጡ ሂና አያስጀምሩ፣ ጀልባ አይሳፈሩ። ባዶ እግርዎንም ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ከኮራሉ መሀል ያሉት ጥቋቁር እሾሃም ፍጥረታት የዕረፍቱን ግማሽ አልጋ ላይ ያሳልፉዎታል። የፕላስቲክ ጫማ ከመርካቶ ይዘው ይሂዱ። ስቶን ታውን ውስጥ ደግሞ ትከሻና ጉልበት ሸፍነው ይሂዱ፤ የዋና ልብስ ለአሸዋው ነው።

ወባ

• አዲስ አበባ የኖረ ሰው ለወባ የተለማመደ ሰውነት የለውም። የኬንያ ጠረፍ ወባማ ነው፤ ዛንዚባር በጣም ቢቀንስም አልጠፋም። ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርበው የመከላከያ መድኃኒት ያስፈልግዎት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ ደግሞ ግዴታ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ከጉዞው በፊት የሚጀመር፣ ከተመለሱም በኋላ ለሳምንታት የሚቀጥል ነው።

• ክፍሉ አጎበር አለው? ያልተቀደደ? ፎቶው ላይ አልጋው ዙሪያ የተንጠለጠለው ለጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ሲገቡ ዘርግተው ይዩት።

• ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዝዎ ቤት አይቀመጡ። ሰፈር ያለው ክሊኒክ ወባን ሳያስብ ታይፎይድና ታይፈስ ብሎ መርፌ ሊያዝልዎ ይችላል፤ ዓለም ባንክ ላይ ወባ ማን ይጠረጥራል? ገና ካርድ ሲያወጡ ጀምሮ «ከባሕር ዳርቻ ነው የመጣሁት» ይበሉ፣ የወባ የደም ምርመራውንም ዕለቱን ያሠሩ።